የማለዳዋ ክኒን

ያን ቀን ጠዋት ሰማዩ ደመና ነበር። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ አየውና ደስ አለው። ጥላ የሌለው ብርሃን ፎቶ ለማንሳት ይመቸዋል።

ላሊበላ፣ እቤታችን ተቀምጦ፣ ያለ አለቃ፣ ለሆቴሎች የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ሥራ ከያዘ ሳይበላ ይውላል። አንድ ቀን ወድቆ ሐኪም ቤት ገባ። የልብ ሕመም እንዳለበትና ሥራውን በልክ እንዲያደርግ ተነገረው። ቀኑን ከፋፍሎ ካርቶን ላይ ጻፈና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ክኒን። ከዚያ የእግር መንገድ። እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ። ምሳ፣ እረፍት፣ ከዘጠኝ በኋላ ለራሱ የሚማረው ነገር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስለነበርኩ፣ እናታችን ሰዓት ጠባቂ አደረገችኝ። እሱ "ዘበኛዬ" ይለኛል። እኔ ግን እፈራ ነበር። ሲሠራ ድምፁ ከጠፋ፣ ትከሻው ሲንቀሳቀስ እስካይ ድረስ በሩ ላይ እቆማለሁ።

ለራሱ የሚማረው የምስል ነገር ነው። አንድን ድንጋይ ዙሪያውን በስልክ ብዙ ጊዜ ያነሳዋል፤ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ገጣጥሞ በጣት የሚዞር ድንጋይ ያደርጋቸዋል። ጠበል የሚንጠባጠብበትን የነአኩቶ ለአብን የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ለማንሳት አስፈቅዶ ደመና ሲጠብቅ ሰንብቷል።

የክኒኑ ደወል ሲጮህ አጠፋው።

"ጠበሉን በባዶ ሆድ ልጠጣ። ክኒኑን ስንመለስ እውጠዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ..."

"ዘበኛ ደግሞ ጠበል ውስጥ ምን አገባው!" ብሎ ሳቀ።

ፈራሁ። ግን ጫማዬን አድርጌ ተከተልኩት። እኔም የማውቀው መድኃኒት የዋጠ ጠበል እንደማይጠጣ ነበር።

ከዋሻው ጣሪያ ጠበሉ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ ጎድጓዳ ድንጋዮች ይቀበሉታል። ጠጣ። ከዚያ አንድ አንድ እርምጃ እየሄደ እስከ ስምንት ሰዓት አነሳ፣ አነሳ። እኔ ፊቱን እንጂ ዋሻውን አላየሁም። አልቦት ነበር። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጠሩኝና "ይህ ልጅ ምን ሆኗል?" አሉኝ። የክኒኑን ነገር ነገርኳቸው።

"መድኃኒት የዋጠ ጠበል አይጠጣም ያለህ ማነው?" ተቆጡ። "በጠበሉ ይዋጠው እንጂ! መድኃኒቱንስ የሰጠን እግዜር አይደለም ወይ?"

"ቤት ነው ያለው፣ አባቴ።"

"በሉ ተነሱ እንግዲህ!"

ቤት ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ክኒኑን ላመጣለት ስል ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጠራኝ። ዋሻው ቀስ በቀስ ይገጣጠም ነበር። ጠበሉ የሚወርድበት ቦታ ግን ቀዳዳ ሆኖ ቀረ።

"የሚንቀሳቀስ ነገር መያዝ አይችልም" አለኝ። "ውኃ ያመልጠዋል።"

ቀዳዳውን ሳይ ክኒኑን ረሳሁ። ሻይ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ትከሻውን አየሁ። ቆሜ ጠበቅሁ። አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱን ለቀስተኛ ሞልቶታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእሱ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። እናቴ ከመደቡ ቀና አለች።

"ሰዓቱ ደረሰ፤ መድኃኒቱን ስጠው።"

ሴቶቹ ጮኸው አለቀሱ። እሷ እኔን ታያለች።

የክኒን ሳጥኑን አወረድኩ። ለየቀኑ አንድ ክፍል አለው። የትናንቱን ከፈትኩ። ክኒኑ እዚያው ነበር። ኪሴ ልከተው አሰብኩ። ማንም አያውቅም።

ሳጥኑን እንደተከፈተ ይዤ ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

"ትናንት አልወሰደም፣ እማ" አልኳት። "እኔም አላስታወስኩትም።"