ከአንድ ድር የተቆረጠ የሠርግ ልብስ

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከሱዳን ወጥተን እስራኤል ከገባን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ የምንኖረው ፔታሕ ቲክቫ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ነገር አልፎብኛል፤ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። ይህን ያልረሳሁት እልህ ውስጥ ስለገባሁበት ነው። እልሁ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እጮኛዬ ፈንታሁን ይባላል። ጎንደር ሳለን የሸማኔ ልጅ፣ ራሱም ሸማኔ ነበር። እዚህ ግን ፕላስቲክ ፋብሪካ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ባልዲ ሲደረድር ይውላል። እኔ ቢሮ አጸዳለሁ። ወላጆቼ በመንገድ ስለቀሩ የምኖረው ከአጎቴ ከአባ ተገኘ ጋር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የሠርጋችን ቀን ከሐኑካ በዓል በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

አዲስ ገቢዎችን የምትረዳ ሾሻና የምትባል በጎ ፈቃደኛ ነበረች። ደግ ሴት ናት፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ጋዝ መለኮስ፣ አውቶቡስ መሳፈር ያስተማረችን እሷ ናት። በበጋው መጨረሻ አንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ከረጢት ይዛ መጣች። ከአንዱ ዳንቴል የበዛበት ነጭ ቬሎ፣ ከሌላው ጥቁር ሱፍ ሙሉ ልብስ አወጣች።

«አስማምቼላችኋለሁ። የእሱ ክራቫትና የካላዋ ሪባን አንድ ዓይነት ነው» አለች። ካላ የምትለው ሙሽራዋን፣ እኔን ነው።

ቬሎውን አውቀዋለሁ። በዚያ ዓመት ከእኛ ሕንጻ አራት ሴት ልጆች ተድረዋል፤ አራቱም የለበሱት ይህንኑ ነው። ሱፉንም አራቱ ሙሽሮች ተፈራርቀውበታል። ፎቶአቸውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡት አንድ ባልና ሚስት አራት ጊዜ የተጋቡ ይመስላል። እኔ አምስተኛ ልሆን ነው። ሆኖም «ቶዳ»፣ አመሰግናለሁ ብዬ ተቀበልኩ፤ የሰጡንን መመለስ ገና አልለመድንም ነበር።

ፈንታሁን ከሥራ ሲመለስ ሱፉን ለካው። እጁ እጅጌው ውስጥ ጠፋ። እኔ ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«የሺ፣ እኔኮ ሸማኔ ነኝ» አለኝ። «በአገራችን ሙሽራን የሚያለብሰው የወንዱ ቤት ነው። የሸማኔ ሙሽራ በውሰት ልብስ ወጣች ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰምቼ አላውቅም። እዚያው ቃል ተገባባን። ማጉን እኔ ልፈትል፣ እሱ ሊሸምን። የእኔ ቀሚስና ነጠላ፣ የእሱም ኩታ ከአንድ ድር ላይ ተሸምኖ እንዲቆረጥ፣ ጥለቱም አንድ እንዲሆን ተስማማን። የጥለቱ ቀለም ግን አጣላን። እሱ ቀይ አለ፣ እኔ አረንጓዴ አልኩ። ሁለት ቀን ተኮራረፍንና መሀሉ ቀይ፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ይሁን ብለን ሽማግሌ ሳንልክ ታረቅን።

አባ ተገኘ ነገሩን አልወደዱትም።

«ተይ ልጄ፤ ሰዎቹ አስበው ያመጡትን ብትመልሽ ነገ ማን ደጃችንን ይረግጣል?» አሉኝ።

«አጎቴ፣ አልመልስም፤ ግን አልለብስም» አልኳቸው።

«እሱማ ያው ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የአጎቴን ቃል ስተላለፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥጡም ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የገዛሁት ከፋርማሲ ነው፤ ጥጥ ያው ጥጥ ነው ብዬ። እንዝርቱ ላይ ገና ስስበው እየተበጣጠሰ አሳበደኝ። ምናልባት ይኸኛው ተበላሽቶ ይሆናል እያልኩ ሦስት ጊዜ ስመላለስ፣ ሻጩ ቤታችን ውስጥ የቆሰለ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። በኋላ ጥጥ ከሚዘራበት መንደር የሚመጣ የፈንታሁን የሥራ ባልደረባ አንድ ጆንያ አመጣልን። ፍሬውን በእጄ ለቅሜ፣ ከሥራ መልስ ሁልጊዜ ስፈትል ከረምኩ። የድሩንና የጥለቱን ክር ከገበያ ገዛን።

ትልቁ ችግር የመጣው ሽመናው ሲጀመር ነው። የእኛ አገር ሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ ከየት ይመጣል? ፈንታሁን በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ደራርቦ ሞከረ፤ ድሩ እየላላ አስቸገረው። በመጨረሻ ከሕንጻው ጀርባ፣ ማንም በማይሄድበት ጥግ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈረ። ፋብሪካው ከጣለው እንጨት የሽመና ዕቃውን ጠርቦ ተከለ። ዝናብም ዓይንም እንዳያገኘው ዙሪያውን አጥሮ በሸራ ሸፈነው። ማንንም አላስፈቀደም፤ ባገራችን ጉድጓድ ለመቆፈር ማንን ታስፈቅዳለህ?

አንድ ዓርብ ጠዋት ሾሻና መጣች። ፊቷ ቀልቷል። እኔንና አጎቴን «አንዴ ኑ» ብላ ወደ መታጠቢያ ቤታችን ወሰደችን። ከዚያም የሽንት ቤቱን ክዳን ገልጣ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያለች፣ እንዴት እንደሚቀመጡበትና ውኃው እንዴት እንደሚለቀቅ ታሳየን ጀመር። አጎቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ተማሪ ቆመው፣ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ሾሻና፣ ይህንን እኮ ከመጣን ጀምሮ እናውቀዋለን» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «ያኮቭ ነው የነገረኝ። ግቢው ውስጥ ሺሩቲም ቆፍራችኋል አሉ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው አቤቱታ ፈርመዋል።»

ያኮቭ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሺሩቲም ደግሞ ሽንት ቤት ነው። ነገሩ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። አጎቴ በሽምግልናቸው ሽንት ቤት መቀመጥ ሲማሩ አየኋቸው፤ ያንን ነው እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ።

የሾሻናን እጅ ያዝኩና ደረጃውን ወረድኩ። ምድር ቤት የያኮቭን በር አንኳኳሁ። «ና፣ ሺሩቲማችንን እይ» አልኩት። ጫጫታውን ሰምተው ሌሎች ጎረቤቶችም ተከተሉን። ሸራውን ገለጥኩት።

ፋብሪካው ዓርብ ስለሚዘጋ ፈንታሁን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ስምንት ክንድ የሚሆነው ጨርቅ አልቆ ተጠቅልሏል፤ ነጩ እንደ ወተት ነው፣ ቀይና አረንጓዴው ጥለት ጎልቶ ይታያል። ቀና ብሎ «ሻሎም» አለና መወርወሪያውን መወርወሩን ቀጠለ። ያኮቭ ጉድጓዱን ዞሮ አየው።

«ለምን ከሱቅ አትገዙም?» አለ።

«ሱቅ ውስጥ የለም» አልኩት በተሰባበረ ዕብራይስጤ። «ይህ የእኔና የእሱ የሠርግ ልብስ ነው። አንተ ነህ ሺሩቲም ያልከው። አሁን ላስፈረምካቸው ሰዎች ሁሉ ያየኸውን ንገራቸው።»

ጎረቤቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያኮቭ «ሠርጉ ሲያልቅ ድፈኑት» ብሎ ሄደ። ይቅርታ አልጠየቀም። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ሁለቱን ከረጢቶች አመጣሁና ለሾሻና መለስኩላት።

«የሰጡኝን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ?» አለችኝ።

«ካላዋ ልብስ አላት በያቸው።»

ሾሻና ጎንበስ ብላ የጨርቁን ጠርዝ በጣቷ ነካች። ከዚያ ከረጢቶቿን አንስታ ሄደች። አዘንኩላት፤ ግን አልጠራኋትም።

በሳምንቱ ዝናብ ጥሎ ጉድጓዱን ሞላው። ፈንታሁን ከፋብሪካው ባመጣው ባልዲ ውኃውን እየቀዳ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ጨረሰው። ለሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ቆረጥነው፤ ቀሚሱን ሰፋሁ።

የሠርጉ ዕለት አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ አስተናጋጁ አንገቱን አስግጎ ከኋላችን ይፈልጋል። «ካላዋ የት አለች? ሰዓቱ እኮ ደርሷል» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ልብስ መቀየሪያው በስተቀኝ ነው፤ ቶሎ በይ።»

«ለብሻለሁ» አልኩት።

እኔን አየ፣ ፈንታሁንን አየ። ከውስጥ ኦርጋን የሚጫወተው ሰውዬ ጣቱን አንስቶ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ይጠብቃል።  እውነቴን ነው፣ እዚያች ላይ አጎቴ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

አባ ተገኘ ወደ ፊት መጡ። የሚያውቁት ዕብራይስጥ ሁለት ቃል ነው፤ «እሺ» እና «እንሂድ»። «ልጄ ለብሳለች በሉት» አሉ በአማርኛ። ከዚያ ወደ አስተናጋጁ ዞረው «በሰደር» አሉት፤ ወደ እኛ ዞረው «ያላ» አሉንና ቀድመው ገቡ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኛ ገባን፤ ኦርጋኑ ከኋላችን እየሮጠ ደረሰብን። ሾሻናም መጥታ ነበር፤ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ስታጨበጭብ አየኋት።

አሁን አያት ሆኛለሁ። ይህን ሳወራ «ያን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? አንድ ቀን የሚለበስ ልብስ አይደል?» የሚሉኝ አሉ፤ የገዛ ልጆቼም በዕብራይስጥ ይሉኛል። አዎ፣ አንድ ቀን ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ የሰጡኝን ለብሻለሁ፤ የጽዳት ሠራተኛ ሽርጥ ለብሻለሁ፣ የማላውቀው ሰው የጣለውን ሹራብ ለብሻለሁ፣ አልተከፋሁም። ያንን አንድ ቀን ግን ለማንም አልሰጥም አልኩ፤ አልሰጠሁምም።