የአርዲስ ዝርዝርና ያልዋኘችው ቤካ

አርዲስ ሃልቮርሰን ለተማሪ ስልክ ስትደውል ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም። "ዋኝተሻል?" ነው የምትለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያው።

ሚኒሶታ ውስጥ ኖርድቪክ ከተማ ባለችው ትንሽ ኮሌጅ ዋና ያልዋኘ አይመረቅም። አንድ የጥንት ሀብታም ገንዳውን ሲያሠራ ያሰረው ግዴታ ነው ይባላል። ገንዳውን ከዳር እዳር ሁለቴ ሄደህ ካልወጣህ፣ ምሁር ብትሆን ዲግሪ የለም። ያልዋኙት ሰዎች ዝርዝር ደግሞ አርዲስ እጅ ላይ ነው።

ዋናው ሥራዋ ግን የተጫዋቾችን ተገቢነት ማጣራት ነው። ማን ለኮሌጁ መጫወት ይችላል፣ ማን አይችልም፣ እሷ ናት የምትጠየቀው። አሰልጣኞቹ ኮሪደሩ ላይ ኮቴዋን ሲሰሙ መጸዳጃ ቤት ይገባሉ። ክፉ እንዳትመስላችሁ ደግሞ፤ መሳቢያዋ ለተራበ ተማሪ ራሷ የጋገረችው ኬክ ጠፍቶበት አያውቅም።

ቤካ ስቴንሩድ አራት ዓመት ከዝርዝሩ አልወረደችም። ኳስ በዱላ የሚመታበት የሶፍትቦል ጨዋታ ተጫዋች ናት፤ ከመቺዋ ጀርባ ቁጢጥ ብላ የተወረወረውን የምትቀልበው። ፊቷ ላይ የሚተኮስ ኳስ አያስበረግጋትም፤ ውሃ ግን ከጉልበቷ ካለፈ ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። አንደኛ ዓመት "ጆሮዬን አሞኛል" አለች። ሁለተኛ ዓመት "ጸጉሬን ተሠርቻለሁ" አለች። ሦስተኛ ዓመት ላይ ምክንያት አለቀባት።

"ሚስ አርዲስ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም።"

"የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ልጅ! እናትሽ ከኔ ጎን ቆማ አይደል እንዴ የምትዘምረው?"

"የሷ ይፈቅዳል። የኔ አዲስ ነው።"

እነዚያን ሦስት ዓመታት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌላ ልጅ ጨዋታ አየች። በአራተኛው ተራዋ ደረሰ፤ ሁለት ጨዋታ ተጫወተች። ለሦስተኛው አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ሳለ ዓለምን ቤት ያስቀመጠው ወረርሽኝ መጣና የዓመቱ ውድድር ሁሉ ተሰረዘ። ቤካ የፊት መከላከያዋን አጥልቃ አለቀሰች፣ ማንም እንዳያያት።

ከሳምንታት በኋላ ግን አዲስ ደንብ ወጣ፤ የተሰረዘው ዓመት ከተፈቀዱላቸው አራት የጨዋታ ዓመታት አይቆጠርባቸውም፣ የፈለገ ከርሞ ይጫወት ተባለ። ሲያንሾካሹክ እንኳ እንደ ፊሽካ የሚጮኸው አሰልጣኝ ዱዌይን ወዲያው ደወለ።

"አርዲስ! ቤካዬ ትመለሳለች! ፈርሚልኝ!"

"ተማሪ ያልሆነ አይጫወትም። ልጅቷ ትምህርቷን በኮምፒዩተር ጨርሳለች፤ በግንቦት ትመረቃለች። እኛ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ አናስተምርም።"

"በአንድ ትምህርት እንጣላት!"

"አንተን እጥልሃለሁ!"

ስልኩን ዘግታ ዝርዝሯን አወጣች። ስቴንሩድ ቤካ፣ አልዋኘችም። አርዲስ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባልዋኘ ሰው ደስ አላት። ዋና የቀራት አልተመረቀችማ! የቀራትን እሱን ብቻ ተመዝግባ መጫወት ትችላለች፤ ደንቡም ይፈቅዳል።

ደስታዋ ምሳ ሰዓት ድረስ እንኳ አልቆየም። የኮሌጁ ዲን ደግ ሰው ናቸው፤ ገንዳው ስለተዘጋ የዘንድሮን ተመራቂ ሁሉ ከዋና ምሬያለሁ ብለው ደብዳቤ በተኑ። አርዲስ አፏን በጨርቅ ሸፍና ቤታቸው ሄደች። የሚያዝያን በረዶ በአካፋ ሲዝቁ አገኘቻቸውና የቤካን ነገር ነገረቻቸው።

"እህህም፣ አርዲስ" አሉ፤ እህህም ሳይሉ ወሬ አይጀምሩም። "አምና እግሩ የተሰበረውን ልጅ እንማረው ስልሽ እምቢ አላልሽኝም?"

"በአንድ እግሩ ዋኝቷል።"

"እህህም። አሁን ስምር ደግሞ አይማሩ ትያለሽ?"

"ምሕረቱን አልፈልግም ያለን ሰው በግድ ይምራሉ እንዴ?"

ዲኑ አካፋቸውን ተደገፉ። "ይሁን። ግን ምሕረቱ የዘንድሮ ብቻ ነው። ከተወችው፣ ከርሞ ካልዋኘች ዲግሪዋን አታገኝም። ንገሪያት።"

አርዲስ ለቤካ ደወለች። "ዋኝተሻል?"

"ሚስ አርዲስ፣ ምሕረት አገኘን እኮ!"

ነገሩን አስረዳቻት።

"ስንት ጨዋታ ነው?"

"አርባ ግድም።"

"ገንዳውስ፣ ጥልቀቱ?"

"ሦስት ሜትር።"

"እሺ፣ ምሕረቱን እመልሳለሁ። እርስዎም ግን ይመጣሉ።"

"ሁሌም እመጣለሁ። ዳር ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው።"

"ዳር ላይ አይደለም። ውሃው ውስጥ።"

አርዲስ ኮሌጁ የገባችው በጸሐፊነት እንጂ በተማሪነት አልነበረም። እሷን ማን ዋኝተሻል ብሏት ያውቃል?

"እሺ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ዓመቱ ዞረ። ቤካ የአባቷን ቱርክ ዶሮዎች ስታበላ ከርማ በጸደይ ተመለሰች። ዋናው ከመጨረሻው ጨዋታ ማግስት ይሁን ተባለ። ጉድ የመጣው ያኔ ነው! ባሸነፉ ቁጥር ሌላ ጨዋታ ይጨመራል፣ ዋናውም ይራዘማል። ቤካ አንዲት ኳስ አታሳልፍም፣ የመታችው ደግሞ ከአጥር ውጪ ነው። የቡድኗ ልጆች ከዳር ሆነው "ሩጪ፣ ገንዳው መጣብሽ!" ይሏታል። ኮሌጁ ደርሶ የማያውቅበት ማጣሪያ ድረስ ይዛቸው ሄደች፤ እዚያ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ሌሎቹ እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ ዱዌይን በዚያ ፊሽካ ድምፁ "አይዞሽ ቤካ!" አላት።

"ምን አይዞሽ አለ? ነገ እኮ ነው!"

በማግስቱ ቡድኑ በሙሉ ገንዳው ዳር ተደረደረ። አርዲስ አበባ አበባ ባለው የዋና ልብስ ወጣች። ሰው ሳቁን ዋጠ። ዝርዝሩን ለዱዌይን ሰጥታ በመሰላሉ ወረደች፤ ቤካ ተከትላት ገብታ ክንዷን ጨመቀች።

"ሚስ አርዲስ፣ ይችላሉ አይደል?"

"የበረዶውን ወራት በሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ጎረቤት ከተማ ስማር ነበር። ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር። ከክፍሉ መጨረሻ ወጣሁ። አሁን ልቀቂኝና እግርሽን አንቀሳቅሺ።"

ሄዱ። ዋና አይባልም፤ ሁለት ድመት ጉድጓድ የገቡ ነው የሚመስለው። ቤካ መሃል ላይ ውሃ ጠጣች፣ ሳለች፣ የፈጣሪን ስም ጠራች፤ ግን ደረሰች፣ ዞረች፣ መልሳ ደረሰች። ጠርዙን ጨብጣ ዞር ስትል አርዲስ ገና መንገድ ላይ ናት፤ አገጯን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ እያለከለከች። ማንም አልሳቀም። ቤካ አንድ እጇን ለቃ ዘረጋችላትና ጎትታ ጠርዙ ላይ አደረሰቻት።

"ዱዌይን" አለች አርዲስ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "ሰርዛት።"

ዱዌይን የቤካን ስም ሰረዘ። ቤካ ከውሃው ሳትወጣ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ተቀበለችው። በእርጥብ እጇ ከታች "አርዲስ ሃልቮርሰን" ብላ ጻፈች፤ ቀለሙ እየፈሰሰ ሰረዘችበት።