አፈር አፈር የሚለው የዶሮ መጽሐፍ

በደርግ ጊዜ ነው፤ መጽሐፍ ሰው በሚያሳስርበት በዚያ ወቅት። ነፋስ ስልክ ቤት ተከራይቼ ስኖር ዶሮ ላረባ ቋመጥኩና ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ አንድ የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ገዛሁ። ቤት ሳስገባው አፈር አፈር ሸተተኝ። ከከሰል ጋር ካርቶን ውስጥ ዘግቼ አሳደርኩት፤ ወይ ፍንክች! በነጋታው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ገልጬ አሰጣሁት።

ወዲያው ጎረቤቴ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገቡ። ቤት ለቤት እየዞሩ መጽሐፍ የሚያስፈትሹት እሳቸው ናቸው። ርዕሱን እንኳ ሳያዩ አንስተው አሸተቱት።

“አፈር አፈር ይላል።”

“አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሽታው እንዲለቀው ነው ያወጣሁት።”

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። “ማውጣት ተፈቀደ እንዴ?”

ፀሐይ ላይ ማውጣት ደግሞ መቼ ተከልክሎ ያውቃል? ግራ ገባኝ። “ማን ይከለክላል ብለው ነው?” አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እየተጣደፉ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ከግቢያቸው የዶማ ድምፅ ሰማሁ። በአጥሩ አሻግሬ ሳይ ሊቀመንበሩ ከጌሾው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ መጻሕፍት እያወጡ ፀሐይ ላይ ይደረድራሉ። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ።

“ያንተስ የት ነበር የተቀበረው?”