የአባቴ ትርፍ ፎቶዎች

ሚስቴ ሰላጣ ላይ አቼቶ ስታፈስ ከገበታው ተነሥቼ በረንዳ እወጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሙያዋን የናቅኩባት እየመሰላት ታኮርፍ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። ያ የሚኮመጥጥ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እኔ ሰላጣ አይታየኝም። የሚታየኝ ጋሽ ታፈሰ የሚባለው የልደታ ፎቶ አንሺ ነው፤ ከአንድ ግንብ አጥር ሥር የሣጥን ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ፣ ጥቁር ጨርቁን ራሱ ላይ ጥሎ፣ ከባልዲ ውስጥ ርጥብ ፎቶዎችን እያለቀለቀ ሲያወጣ፣ በልብስ መቆንጠጫም ሲሰቅላቸው። ፎቶዎቹ እንደ አቼቶ ይሸቱ ነበር። ሁሉም ላይ ያለው ፊት ደግሞ የአንድ ሰው ነበር፤ የአባቴ።

አባቴ ሳልህ የመን ተወልዶ፣ ጢም ሳያበቅል ከአጎቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነበር። እናቴን ራህመትን ጌጃ ሰፈር አግኝቶ አገባት፣ እኔንና እኅቴን ወለደ፣ ታክሲ ነዳ። ታክሲዋ ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ነበረች። በእናቴ ስም ነበር የወጣችው፤ እናቴ ግን መሪ ጨብጣ አታውቅም። «እኔ እኮ የእናትሽ ሾፌር ነኝ» ይለኝ ነበር አባቴ እየሳቀ። ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚለው፤ ያን ሁሉ ዘመን ኖሮ አማርኛው እዚያ ላይ አልቃና ብሎት ቀረ። ሰፈሩ ይስቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። እኔን ልጆቹ «የአረብ ልጅ፣ ሀገርህ ግባ!» ሲሉኝ ግን አልስቅም ነበር። የምገባበት ሀገር ጌጃ ሰፈር ነበር፤ እዚያው ቆሜ ነው እንግዲህ ግባ የሚሉኝ።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ የአባቴ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት «የላይኛው ቢሮ»፣ መንጃ ፈቃድ የሚያድሰውን «የታችኛው ቢሮ» እንላቸው ነበር። መጀመሪያ ላይኛው ማደስ አለበት፤ ከዚያ ያንን ይዞ ታችኛው ቢሮ መሄድ ነው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶ ይጠይቃሉ።

በጣም ልጅ ሳለሁ እድሳቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ ስለነበር እንደ በዓል ነበር የምናየው። ዝናቡ አባርቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ አባቴ ጢሙን ተላጭቶ ኮቱን ለብሶ፣ እኔን በእጄ ይዞ ጋሽ ታፈሰ ጋ ይሄድ ነበር። «ሳልህ፣ ዘንድሮም አላማረብህም» ይለዋል ጋሽ ታፈሰ ከጨርቁ ሥር ሆኖ፣ «ጥፋቱ ግን የካሜራው አይደለም።» «አንቺ ራስሽ መቼ አምሮብሽ ያውቃል?» ይላል አባቴ። ለአራት ፎቶ ተከፍሎ አንድ ምርቃት ይጨመራል። ያቺን ትርፍ ፎቶ አባቴ ቤት ወስዶ፣ ሁለቱም ቢሮ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ፣ ጀርባዋ ላይ በእርሳስ በዐረብኛ ይጽፍና በእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣት ነበር። ምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው «የሚያልቅበትን ነዋ፣ እንዳልረሳ» ይለኛል።

ከዚያ አንዱን ዓመት የላይኛው ቢሮ «ነዋሪ» የሚለውን ሰርዞ «ጊዜያዊ ነዋሪ» አደረገው። ዓመቱ ስድስት ወር ሆነ። አሁን እድሳቱ መስከረም ብቻ መሆኑ ቀርቶ መጋቢትም፣ በአቧራውና በፀሐዩ፣ ሆነ። አባቴ ተናደደ፤ ሲናደድ ደግሞ አማርኛው ይባስ ይጠፋዋል።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ እንዴት ዛሬ ጊዜያዊ ሆንኩ? አስረጂኝ እስቲ አንቺ ጌታዬ!» አለው ጸሐፊውን፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ።

«ማንን ነው አንቺ የምትለው?» አለ ጸሐፊው፣ ፋይሉንም አጥፎ «ሐሙስ ተመለስ» አለው። ሐሙስ ስንመለስ ሰኞ ተባልን። ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ። እኛ ያን ሳምንት መኪናዋን ግቢ አቁመን ንፍሮ በላን።

ቀጥሎ በመጣው በጋ ደግሞ ስሙ እንደገና ተለወጠ። «ጉዳዩ በመታየት ላይ ያለ» ተባለ፤ ስድስት ወሩም ሦስት ሆነ። አሁን ወቅቱን ሁሉ የማውቀው በእድሳት ሆነ፤ ጥቅምት በብርዱ፣ ጥር በጥምቀቱ ማግሥት፣ ሚያዝያ በበልጉ፣ ሐምሌ በጎርፉ። የላይኛው ቢሮ ብቻውን ሳምንታት ይፈጃል፣ የታችኛው ከዚያ ያላነሰ፤ ፈቃዱ እጃችን ሲገባ እኩሌታው ዘመን አልቆ ነው። አባቴ ደግሞ መንዳት አለበት። ታዲያ ሰልፉን ማን ይያዝ? አንዳንዱ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄድ ነበር። ድንጋይ ግን ሲገፉት ዝም ይላል፣ ልጅ ሲገፉት ይጮኻል፤ ስለዚህ እኔ ተመረጥኩ።

አንደኛ ክፍል ተመዝግቤ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደብተሬን ይዤ እወጣና፣ አባቴ ቢሮው በር ላይ አውርዶኝ ሥራውን ሄዶ፣ ተራችን ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል። «ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ» ይለኛል። ነገም ሰልፍ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ገረፈኝ፣ ቀጥሎ ወላጅ አምጣ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ ስሜን ከመዝገብ ሰረዘው። ለአባቴ አልነገርኩትም። ደብተሬን ይዤ መውጣቴን ቀጠልኩ። ሀገሩ በሙሉ በመሠረተ ትምህርት ፊደል በሚቆጥርበት ዘመን፣ ሽማግሌና አሮጊት ቀበሌ አዳራሽ ተቀምጠው «ሀ ሁ» በሚሉበት ዘመን፣ እኔ ከፊቴ ስንት ሰው እንዳለ ስቆጥር ኖርኩ። እናቴም ብትሆን አዳራሹ ጥቂት ቀን ሄዳ፣ እኅቴ ስታለቅስባት አቋርጣዋለች። በቤታችን አማርኛ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ከታችኛው ቢሮ መንጃ ፈቃዱን የምቀበለው እኔ ነበርኩ፤ ባለ መስኮቱ ሰውዬ ለምዶኝ ነበር። አንድ ቀን ጥር ላይ ተቀብዬው ስወጣ አባቴ ተሳፋሪ ጭኖ በር ላይ ቆሟል። «አንብቢልኝ እስቲ፣ እስከ መቼ ነው? ተማሪ አይደለሽም እንዴ!» አለኝ። ወረቀቱን አየሁት። ሰልፉ ላይ ሰው ሁሉ ሦስት ወር ሦስት ወር ሲል ሰምቻለሁ። «ሦስት ወር» አልኩ ፍርጥም ብዬ። አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ ለተሳፋሪዎቹ «አያችሁልኝ? ልጄ እኮ ያነባል!» አለ። አንዷ እናት መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ በየእድሳቱ ያንኑ ይጠይቀኛል፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ፣ እሱም ያንኑ ያህል ይደሰታል። እናቴ ቀበሌ አዳራሽ ሄደህ ተማር ብትለኝም አሻፈረኝ አልኩ። የሚያነብ ልጅ ምን ሊማር ይሄዳል?

የመጨረሻው እድሳት ክረምት ላይ ነበር። ሐምሌ ዶፉን ያወርደዋል። ጋሽ ታፈሰ በጃንጥላ ሥር ሆኖ አነሣው፤ ፎቶው ጠቁሮ ወጣ፤ አባቴም አልቀለደም፣ ጋሽ ታፈሰም «አላማረብህም» አላለውም። ምርቃቷን ግን ጨመረ። ላይኛው ቢሮ አባቴ ብቻውን ገብቶ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ፊቱን በእጁ እየጠረገ ወጣ። ዝናቡ ነው ብዬ ነበር፤ የወጣው ግን ከቤት ውስጥ ነው። ምንም አልነገረኝም። ከታችኛው ቢሮ መንጃ ፈቃዱን እንደ ወትሮው እኔ ተቀብዬ፣ እንዳይረጥብ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ሮጬ መኪና ገባሁ።

«እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

ገለጥኩት፣ አየሁት፣ «ሦስት ወር» አልኩት።

እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም። በመስተዋቱ አየኝ፣ ረጅም ጊዜ አየኝ፣ መጥረጊያዎቹ ከመስታወቱ ላይ ዝናቡን እያንኳኩ ሲያወርዱት ሰምቻለሁ። ከዚያ ዞሮ ራሴን ዳበሰኝና «ጎበዝ» አለኝ። የደከመው መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ ገብቶ አንድ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ጋ ትራፊክ አስቆመን። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ከኋላ ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ትራፊኩ መንጃ ፈቃዱን ገልጦ «አልፎበታል» አለ። አባቴ መልስ ሳይሰጥ እኔ ቀደምኩ።

«አላለፈም! ሦስት ወር ነው ያለው! እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ!»

ትራፊኩ ሳቀ። ወረቀቱን በአባቴ ፊት አሳልፎ እጄ ላይ አስቀመጠውና «እስቲ ጀግናው፣ እንደገና አንብበው» አለኝ።

ያዝኩት። ሴቶቹ ወደ ፊት ሰገግ ብለው ይጠብቃሉ። ትራፊኩ ይጠብቃል። ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፣ ገለበጥኩት፣ መልሼም ገለበጥኩት።

«ተይው ጌታዬ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ «ዓይኑን ያመዋል።»

ትራፊኩ ወስዶ ራሱ አነበበው። የተሰጠው አሥራ አምስት ቀን ነበር፤ ካለቀ ሳምንት አልፎታል። ከኋላ አንደኛዋ ሴት ዘንቢሏን ይዛ እየወረደች «ውይ የዚህ ልጅ ነገር፣ አባቱን አስበላው!» አለች። ስሟን አላውቀውም፣ መልኳንም ረስቼዋለሁ። ድምፅዋ ግን አብሮኝ አርጅቷል።

መንጃ ፈቃዱ የመኖሪያ ፈቃዱን አስመዘዘ፤ እሱም ያለፈበት ነበር። አባቴን ጥቂት ቀን አሰሩትና ከሀገር ይውጣ ተባለ። እናቴ ሁለት ልጅ ይዛ መውጫ የሚሰጣት የለም። ለገሃር፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ጋ፣ አንድ ወታደር አጠገቡ ቆሞ እንድንሰናበተው ተፈቀደልን። እናቴን ምን እንዳላት አልሰማሁም። እኔ ጋ ሲደርስ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ዓይንሽ ተሻለሽ ወይ?» አለኝ። ሊቀልድ ነበር። እኔ ግን ለቅሶዬን ለቀቅኩት፤ ይቅርታ እንኳ ሳልል ባቡሩ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሴይቼንቶዋ ግቢያችን ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ ቆማ፣ መጀመሪያ ጎማዋ፣ ቀጥሎ ሞተሯ፣ በመጨረሻ በሯ ተሸጠ። ዶሮ እንቁላል ጣለችባት። አባቴ ሆዴይዳ ላይ መሞቱን ከዓመታት በኋላ አንድ ነጋዴ መጥቶ ነገረን፤ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች፣ እኔ ውጪ ወጥቼ ግድግዳ ደበደብኩ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ አባቴን የገደለው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ፣ ሴት ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ከእሷው መጽሐፍ ላይ ነው። ስሳሳት ትቆጣኝ ነበር። እናቴ ስትሞት ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮው ለእኔ ደረሰኝ። ትርፍ ፎቶዎቹ ውስጡ ነበሩ፤ ኮት የለበሰው፣ ጢሙ የሸበተው፣ ያ የጠቆረው የሐምሌው። አማርኛ ብችልም ጀርባቸው ዐረብኛ ነው፤ ይዤያቸው ቁርአን የሚያስቀሩ ሐጂ ዑመር የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ገለበጧቸው። «ይሄ ዓመት ይላል... ይሄ ስድስት ወር... ይሄ ሦስት፣ ይሄም ሦስት...» የጠቆረው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይሄ አሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው የሚለው። ከሥሩ ደግሞ ‹ናስር፣ ትምህርት ቤት› የሚል አለ። ናስር ማነው ልጄ?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

የላይኛው ቢሮ በአፉ ነግሮታል ለካ። ፊቱን እየጠረገ የወጣው ለዚያ ነው። መኪናው ውስጥ ሲጠይቀኝ መልሱን ያውቀው ነበር፤ የጠየቀኝ እንደ ወትሮው ልደሰትበት ብሎ ነው። እኔም ሦስት ወር አልኩት፤ እሱም በመስተዋት አየኝ፤ ልጁ ማንበብ እንደማይችል ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀኑ ማለቁንም እያወቀ ነዳ፤ ባይነዳ እኛ ምን እንበላ ነበር? ሰዎች ይሄን ስነግራቸው «እፎይ በል እንግዲህ» ይሉኛል። እንዴት ነው እፎይ የሚባለው? እንዳላፍር ብሎ ዝም አለ፤ ዝምታውን ግን እስክሸብት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን በጥፊ ብሎኝ «ውሸታም» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ባለፈው ሰሞን የራሴን መንጃ ፈቃድ አሳደስኩ። ፎቶውን እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጠው በማሽን አነሡኝ፤ ምንም ሽታ የለውም፣ ምርቃትም የለውም። መስኮቱ አንድ ነው። ልጅቷ «አባባ፣ ይሄው» ብላ ሰጠችኝ፣ ነዋሪ ነህ ጊዜያዊ ነህ ያለኝ የለም፤ የሚያገለግለውም ለዓመታት ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና፣ ከስሜ ጀምሮ እስከ ማኅተሙ፣ የሚያልቅበትን ቀን ጭምር፣ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። አንድም ፊደል አልሳትኩም። ከዚያ ቀና ብዬ መስተዋቱን አየሁ፣ ትንሽም ጠበቅኩ። እስከ መቼ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም።