ለግራጫ ካባ ቤት ድምፅ የሰጠችው ሴት

ያን ቀን ዝናቡ ገና በጠዋት ነው የጀመረው። ካፊያ አይደለም፤ ሰማዩ የተቀደደ ነበር የሚመስለው። የስቱዲዮው ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ሥራ ይቆማል። ግድግዳውን ድምፅ እንዳያስገባ በስፖንጅ ሸፍነውታል፣ በሩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ሰቅለውበታል፤ ጣሪያውን ግን ያሰበበት ሰው የለም። ስለዚህ ዝናብ በመጣ ቁጥር ነገሥታቱም፣ ልዕልቶቹም፣ ጠንቋዩም ማይክራፎናቸውን ትተው ይወጡና ኮሪደሩ ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ።

እሷም መካከላቸው ተቀምጣ ነበር። ሥራቸው «የጭጋግ ዘውድ» የሚባል የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ወደራሳቸው ቋንቋ መመለስ ነው። ዘንዶ አለበት፣ ጥንቆላ አለበት፣ በአንድ ዘውድ የሚፋጁ ሁለት ንጉሣዊ ቤቶች አሉበት። ባዕዶቹ ተዋንያን አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር እነዚህ ከጨለማው ክፍል ሆነው ቃል ያጎርሷቸዋል።

ሥራ ቦታ «እመቤቲቱ» ነው የሚሏት። የግራጫ ካባ ቤት እመቤት ድምፅ ስለሆነች ነው። ደግሞ የእመቤቲቱ ብቻ አይደለችም፤ የሁለቱ ሴቶች ልጆቿም፣ የአሮጊቷ አክስትም ድምፅ እሷው ነች። ለሁለቱ ንጉሣዊ ቤቶች ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ድምፅ ተመድቧል። ግራጫ ካባዎቹ ግን ሁለተኛ ደረጃ መኳንንት ናቸውና ለሴቶቹ አንዲት ሴት፣ ለወንዶቹ አንድ ወንድ ይበቃል ተባለ። እናም አንዳንድ ቀን ከራሷ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ ራሷን ስትቆጣ፣ ራሷን ይቅርታ ስትጠይቅ ትውላለች። ወንዱ ደግሞ ጎርናናው ጓደኛቸው ነው፤ ነጎድጓድ ይሉታል። የቤቱ ጌታም እሱ፣ የጌታው ወንድ ልጅም እሱ፣ ፈረሶቹም እሱ።

«እኔ የተቀጠርኩት ለፈረሱ ነው፤ ጌታውን በምርቃት ነው የምሠራው» ይላል ሁልጊዜ።

እሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ አባቷ ሲሞት። ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው ሥራ የለም። በመጨረሻ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ መነሻ ሰዓት የምትናገር ሆነች። የስቱዲዮው አዘጋጅ አውቶቡስ አምልጦት ሲበሳጭ ድምፅዋን ሰማ። «የሄደ አውቶቡስ እንዲህ ተብሎ ሲነገር የሚያምር አይመስለኝም ነበር» ብሎ ነው ያመጣት።

ያን ቤት ወደደችው። ግራጫ ካባዎቹ ዘንዶ የላቸውም፣ ዙፋን አይመኙም። ያላቸው አንድ ኮረብታና አንድ ያረጀ ግንብ ነው። የመኳንንትነታቸው ማዕረግ የመጣው ሬሳ ከማንሣት ነው። ጦርነት ሲያበቃ ጌታውም እመቤቲቱም ልጆቹም ግራጫ ካባቸውን ደርበው ሜዳው ውስጥ ይገባሉ፤ ከሁለቱም ወገን ሰይፍ የሚያነሣባቸው የለም። የወደቀውን ያነሣሉ፣ ፊቱን ያጥባሉ፣ ይቀብራሉ። ከዚያ እናቱ ደጃፍ ሄደው ያንኳኳሉ። የንጉሥ እናትም ትሁን የእረኛ እናት ቃሉ አንድ ነው፦ «ልጅሽን በእጄ አንሥቼዋለሁ። ፊቱን አጥቤዋለሁ። ብቻውን አልነበረም።»

ይህን ቃል ከማይክራፎኑ ፊት ቆማ በተናገረች ቁጥር ወንድሟ ትዝ ይላታል። ታናሽ ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳርቻ ደውሎ «ነገ እንሳፈራለን» አለ። ከዚያ በኋላ ውሃ ይብላው መሬት ይብላው የሚያውቅ የለም። ሞተ ብሎ የመጣ የለም፣ አለ ብሎ የመጣም የለም። የነሱን ደጃፍ ያንኳኳ ሰው አልተገኘም። እሷ ታዲያ በየሳምንቱ የሰው ደጃፍ ስታንኳኳ፣ ቃሉን የምትናገረው ለፊልሙ እናቶች ሳይሆን ቤት ለተቀመጠችው እናቷ ይመስላት ነበር።

እናቷ ፊልሙን አንድም ቀን አታሳልፍም። ማታ ማታ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ጠዋት ልጇ ለሥራ ስትወጣ ደግሞ «ዛሬስ የማንን ቤት ልታንኳኪ ነው?» ትላታለች። ልጅቱ ጉጉት ነበር የሚመስላት።

ያን ዝናባማ ቀን እንግዲህ አዘጋጁ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዓታችንን ቀንሶብናል። ፊልሙ ማጠር አለበት» አለ።

«ዘንዶውን አሳጥሩታ፤ ጭራው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል» አለ ነጎድጓድ።

አልሳቀም። «ግራጫ ካባዎቹን ነው የምናወጣው።»

እመቤቲቱ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እንዴት ነው የሚወጡት ጋሼ?» አለች። «ሁሉንም የሚያገናኙት እኮ እነሱ ናቸው።»

«ምኑን ነው የሚያገናኙት? ሰው የሚያየው ዘውዱን ነው እህቴ። ቀባሪ ማን ያያል?»

«መጨረሻ ላይ ጦርነቱ የሚቆመውስ? እመቤቲቱ በሁለቱ ጦር መካከል ቆማ የሞቱትን ስም ስትጠራ አይደል? እነሱ ከሌሉ ሰላሙ ከየት ይመጣል? ከሰማይ ዱብ ሊል ነው?»

«ዱብ ቢል ማን ይጠላዋል?»

ልዕልቷን የምትሠራው ልጅ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፊቷን ሻይ ውስጥ ደበቀች። እሷ ግን አልተወችም። ያን ያህል ስትከራከር አይተዋት አያውቁም።

«ቆይ፣ የሞቱት ሰዎች የት ይሄዳሉ? በአንዱ ትዕይንት ሜዳው ሬሳ ነው፣ በሚቀጥለው ሣር ነው። ሰው አይጠይቅም?»

አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመ ሰው ነው። ጃንጥላውን ወዲያ ወዲህ አገላበጠ። «እሺ። ሰው ይጠይቅ። አንድ ሰው፣ አንድ፣ ወደዚህ ቢሮ ደውሎ እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ ይበለኝ። በነጋታው እመልሳቸዋለሁ። ቃሌ ነው።»

«አንድ ሰው?»

«አንድ። ግን ከዚህ ቤት ያልሆነ።»

ዝናቡ አባራ። ገብተው መጀመሪያ የቀዱት ቤቱን የሚያሰናብተውን ዓረፍተ ነገር ነበር። የንግሥቲቱ ገረድ ትናገረዋለች ተባለ፤ የገረዷ ድምፅ ደግሞ ያን ቀን አልመጣችም። «አንቺው በይው» አሏት፤ «ድምፅሽን ትንሽ ቀጠን አድርጊው።» የጆሮ ማዳመጫውን ደፍታ ቆመች። «ግራጫ ካባዎቹ ወደ አገራቸው ገብተዋል፣ እመቤቴ» አለች። አንዴ ነው ያለችው፤ ድገሚ አላሏትም።

ችግሩ ድምፅ ይወጣል እንጂ ሥዕል አይወጣም። የተቆረጠው ተቆርጦ፣ ግራጫ ካባዎቹ ከነገሥታቱ ኋላ የቆሙበት ብዙ ቦታ ቀረ፤ አፋቸውም ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ቀጂው ታዲያ እነሱ አፋቸውን በከፈቱበት ሁሉ ነፋስ ለቀቀበት። ሜዳ ላይ ሲሆን ያስኬዳል። አንድ ቦታ ላይ ግን እመቤቲቱ የምትናገረው መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ነበር። እሱ ቸኩሎ እዚያም ነፋሱን ለቀቀው።

«ምድር ቤት ውስጥ ነፋስ!» አለ ነጎድጓድ፣ ሆዱን ይዞ። «ይቺ እንኳ አታመልጣቸውም። በቃ፣ ስልኩ ሲቃጠል ነው የሚውለው።»

እሷም እንደዚያ አሰበች። ያ ክፍል በተላለፈ ማግሥት ማልዳ ሄዳ የእንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«ስልክ ነበረ?»

«ኧረ እትዬ፣ ጆሮዬ እስኪግል ነው የደወሉት!»

«ምን አሉ?»

«የልዑሉ ፈረስ ስም ማነው ይላሉ። ልዑሉ አግብቷል ወይ የምትልም አለች፤ ተዋናዩን ማለቷ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ነው። ሰፈር ውስጥ ያለችውን ባለ ሱቅ፣ ፊልሙን ሥራ ፈትታ የምታየውን፣ «የጎደለ ነገር አላየሽም?» ብላ ጠየቀቻት። «ምኑ? እንዲያውም አሁን ነው ፈጠን ያለው» አለቻት ሳሙና እየጠቀለለች። ነጎድጓድ ሆዱ አልችል ብሎት አንድ ቀን ውጭ ወጣና በአሮጊት ድምፅ ደወለ። «ልጄ፣ እነዚያ ሬሳ የሚያነሡት ደጋጎች የት ደረሱ?» አለ እየተንቀጠቀጠ። ተቀባይዋ ጨርሳ ሰማችውና «ጋሼ ነጎድጓድ፣ ሲመለሱ ስኳር ይዘውልን ይምጡ» አለችው።

ሲስቁ ዋሉ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆየች።

እናቷን ለመጨረሻ ያስቀመጠቻት በራሷ ፈቃድ እንድትጠይቅ ነበር። ከሰው ሁሉ እሷ ትጠይቃለች ብላ እርግጠኛ ነበረች፤ ልጇ ያልተመለሰላት እሷ ናት። ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጣ ፊቷን ታያለች። ነፋሱ ይነፍሳል፣ የግራጫ ካባዋ እመቤት አፍ ይንቀሳቀሳል፣ እናቷ ዝም ብላ ታያለች። ቀድሞ ግራጫ ካባዎቹ በር ባንኳኩ ቁጥር «ድስቱን ልየው» ብላ የምትነሣው ሴትዮ አሁን ከሶፋው አትነቃነቅም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ደገፍ ማለት ጀምራለች። ልጅቱ ይህን ልብ አላለችውም።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ትዕግሥቷ አለቀ። ስልኩን አውጥታ ቁጥሩን መታችና ለእናቷ ዘረጋችላት።

«እማዬ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ይሄን ደውይና ግራጫ ካባዎቹ የት ሄዱ በያቸው። ሌላ ምንም አትበይ።»

እናቷ ስልኩን አልተቀበለችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እርጥብ እንኳ አልነበረም።

«ለምን ብዬ?»

«ይመልሷቸዋላ! አንድ ሰው ከጠየቀ እንመልሳለን ብለዋል። የኔም ሥራ እኮ ነው እማዬ።»

«ሥራሽ ይቀራል?»

«ይቀራል።»

እናቷ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የምታደርገው ዓይነት፣ ጀመረች።

«ልጄ፣ እኔ እነዚያ ሰዎች ከፊልሙ ከወጡ ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

«እንዴ?»

«ባንኳኩ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። የኛ በር ይመስለኛል። ድስት ልይ ብዬ የምነሣው ለምን መሰለሽ? የሚያርር ነገር ኖሮ ነው?»

«ታዲያ ለምን ታዪው ነበር? ጠዋት ጠዋት የማንን ቤት ልታንኳኪ ነው የምትይኝስ?»

«የኔን እንዳልሆነ ልወቅ ብዬ ነዋ።»

ልጅቱ የዘረጋችውን ስልክ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ወንድምሽ መርዶ ይዘው እስካልመጡ ድረስ አለ» አለች እናቷ። «ማንም አልመጣም፤ ስለዚህ አለ። አንቺ ደግሞ... አትቀየሚኝ የኔ ልጅ፣ ድምፁ ያንቺ ነው። ፊቱን አጥቤዋለሁ የምትይው አንቺ ነሽ። እህቱ ነሽ። ሌላ ሰው ቢለው ፊልም ነው ብዬ እችለው ነበር።»

«እኔ እኮ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዛም ነው ዝም ያልኩት። አሁን ነፋሱ ይሻለኛል፤ ነፋስ ምንም አይልም።»

ከዚያ ተነሥታ የምሳውን ሳህን ሰበሰበች። ልጅቱ ቁጥሩን አጠፋችና ስልኩን ኪሷ ከተተች። እናቷን ማስገደድ ትችል ነበር፤ እናት ለልጇ እንጀራ ስትል ደውላ የተባለችውን ትል ነበር። ይህን ስለምታውቅ ነው ዳግመኛ ያላነሣችው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ ቢነግረን እያለች ስትመኝ፣ ከግድግዳው ማዶ የተኛችው እናቷ ማንም እንዳይመጣ ስትለምን ኖራለች። በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሶፋ ላይ።

ሰኞ ስትሄድ አዘጋጁ «የደወለ አለ?» አላት፤ የምሩን ነበር፣ ቃሉን አልረሳም።

«የለም ጋሼ» አለችው።

ለትንሽ ጊዜ ለሕዝብ ጩኸት ጠሯት፤ ከተማ ሲቃጠል ኡኡ የሚሉትን ሴቶች መሆን ነው። ስድስት ሆነው ባንድ ማይክራፎን ዙሪያ ይቆሙና ይጮሃሉ፤ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ አይለይም። ከዚያ እሱንም በመሣሪያ መሥራት ጀመሩና መጥራት ተዉ። ነጎድጓድ ለወር ያህል እየደወለ ቀልድ ይነግራት ነበር፤ ኋላ እሱም ሥራ በዛበት። የጭጋግ ዘውድ አለቀ። ሰላሙ እንዳለችው ከሰማይ ዱብ አለ። ሁለቱ ጦሮች በድንገት ሰይፋቸውን ጣሉ፣ አንዲት ግራጫ ካባ የለበሰች ሴት መሐላቸው ቆማ አፏን ለረጅም ጊዜ አንቀሳቀሰች፣ ነፋስ ነፈሰ። በማግሥቱ ባለ ሱቋ «አጨራረሱ አንጀት ያርሳል» አለቻት። እሷም አዎ አለቻት።

አሁን አንድ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ከመጋገሪያው የሚወጣውን ዳቦ በፕላስቲክ እያሸገች ትደረድራለች። ማሽኑ ስለሚጮህ እዚያ ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም። ከእናቷ ጋር በዚያው ቤት ይኖራሉ። ወንድሟ አልደወለም፤ ማንም አልመጣም።