በአጎቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሩሲያኛ ወረቀት

የማስተርስ ትምህርቴ ምን እንደሆነ ለወላይታ ሶዶ ሰው ማስረዳት ከትምህርቱ ይከብዳል። የስላቭ ጥናት ነው ስላቸው "ስላቭ ምንድን ነው?" ይሉኛል። ሩሲያ፣ ዩክሬን፣ ፖላንድ፣ ቡልጋሪያ እያልኩ አገር ስቆጥር ፊታቸው ላይ የማየው ሐዘኔታ ነው። ታሪክም ቋንቋም ፖለቲካም የተቀላቀለበት ትምህርት ነው ስላቸው ይብሳል። እናቴማ ተስፋ ቆርጣ "የውጭ አገር ነገር ነው የምትማረው" ብላ ትገላገላለች። "ስትጨርሺ የት ትቀጠሪያለሽ?" ለሚለኝ ሰው ግን መልስ ስለሌለኝ እቆጣለሁ። ቁጣ ድሮም አያንሰኝም።

ኮርሱን አውሮፓ ጨርሼ ለመመረቂያ ጽሑፌ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። ርዕሴ በደርግ ጊዜ ከወላይታ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ስለተማሩ ሰዎች ነበር። የመረጥኩት በአንድ ሰው ምክንያት ነው፤ በእናቴ ታላቅ ወንድም። አጎቴ ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው በሻንቶ ከተማ ነው የሚኖሩት። እዚያ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ "ኢንጂነር" ነው የሚላቸው። በግብርና ቢሮ ከሩሲያ የመጡትን ትራክተሮች መመሪያቸውን እያነበቡ ይጠግኑ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔንም በልጅነቴ የሩሲያኛ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አማካሪዬ ርዕሱን ያጸደቀልኝም የአጎቴ ታሪክ ዋናው ምዕራፍ እንዲሆን ተስማምተን ነው።

አጎቴ ግን ቃለ መጠይቁን ሸሹት። ሚኒባስ ተሳፍሬ ስሄድ አንድ ቀን "ዛሬ ገበያ ነው" ይሉኛል፣ ሌላ ቀን "የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስብሰባ አለብን" ይላሉ። ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ። በአራተኛው ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ "ወንድምሽ ናቀኝ!" አልኳት እናቴን።

"እሱ ሰው አይንቅም። አንቺ ነሽ ጥድፊያ የምታበዢው" አለችኝ።

በአምስተኛው ስሄድ አጎቴ የሉም፤ ሁምቦ ለቅሶ ሄደዋል። የአጎቴ ሚስት ግን እጄን ይዘው አስገቡኝ፣ ቅቅል ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረቡልኝ። ሁለት ሴት ጎረቤቶቻቸው ተቀምጠዋል። ጥቂት እንደተጫወትን የአጎቴ ሚስት ብድግ ብለው ግድግዳው ላይ የነበረውን በመስታወት የተለበጠ ወረቀት አወረዱና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። የአጎቴ የሩሲያ ወረቀት ነው። እኔ እንኳ ከሩቅ እንጂ ቀርቤ አይቼው አላውቅም።

"ለጽሑፍሽ ፎቶ አንሺው" አሉኝ። "ግን መጀመሪያ አንብቢልን። ይኸው ስንት ዘመን ተሰቅሎ የሚያነብልን ሰው አጥተን። እሱን ስጠይቀው 'የትምህርት ወረቀት ነው' ብሎ ዝም ነው።"

አነበብኩት። ክው አልኩ። የሩሲያኛ ቋንቋ የመሰናዶ ትምህርት ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል ይላል። ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። ስለ ምህንድስና አንድ ቃል የለበትም። እኔም አውሮፓ ስሄድ መጀመሪያ የወሰድኩት እንዲህ ያለውን የቋንቋ ወረቀት ነው፤ ማንም በመስታወት አይሰቅለውም። ሦስቱ ሴቶች አፍ አፌን ያያሉ።

"ጽሑፉ ደብዝዟል" ማለት አልችልም ነበር? "አጎቴ ሲመጡ አብረን እናነበዋለን" ብልስ ምን ነበረበት? ምላሴን ይቆራርጠውና፣ በወላይትኛ "በምህንድስና በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀዋል ይላል" አልኩ። ማዕረጉን ምን አመጣው? እንጃ። ውሸት ያልለመደ ሰው እንደ ጀማሪ ወጥ ሠሪ ነው፣ ጨው ያበዛል። የአጎቴ ሚስት እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤቶቹም ተከተሏቸው። እኔ ውኃ ጠየቅሁ።

የእሑዱን ነገር ደግሞ ጨርሶ አላሰብኩትም። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ከስብከት በፊት ምስጋና ያለው ሰው ይነሣና ይናገራል። ልጁ ከሕመም የዳነለት፣ ከመንገድ በሰላም የተመለሰ፣ ሁሉም ይመሰክራል። የአጎቴ ሚስት "እንዳትቀሪ" ስላሉኝ እኔም ሄጄ ነበር። ነጭ በነጭ ለብሰው ተነሡ።

"ጌታ ይመስገን! የባለቤቴን ወረቀት የእህቱ ልጅ አነበበችልን። በከፍተኛ ማዕረግ ነው የተመረቀው! በትሕትና ደብቆን ኖሯል!" አሉ።

"አሜን! ሃሌሉያ!" አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ፓስተሩ "ኢንጂነር ወደ ፊት ይውጡና ተማሪዎቻችንን ይባርኩልን" አሉ። አጎቴ ወጡ። እጃቸውን ልጆቹ ራስ ላይ ጫኑ፤ እንባቸው ግን ወረደ። ሰው ደስታ መስሎት አብሯቸው አለቀሰ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከጉባኤው በኋላ አጎቴ ከአዳራሹ ጀርባ ጠሩኝ።

"አንብበሽዋል" አሉኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን?"

"እርስዎን ላድን ብዬ ነው።"

"እኔ ተመርቄያለሁ ብዬ በአፌ ተናግሬ አላውቅም። ሰው አለ፣ እኔ ዝም አልኩ። ዝምታውም ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ። ግን አብሬው መኖር ለምጄ ነበር። ዛሬ በእግዚአብሔር ቤት፣ በእኔ ስም፣ ለውሸት ምስጋና ቀረበ። ይሄንን እንዴት አድርጌ ዝም እላለሁ?"

"ይተዉት፣ ተሳስቼ ነው ያነበብኩት እላለሁ" ብዬ ለመንኳቸው።

"ሌላ ልትጨምሪበት?" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ወረቀቱን ታቅፈው መጡ። በምስጋናው ሰዓት ተነሡና ሒሳብ ወድቀው ከመሰናዶው ማለፍ እንዳልቻሉ፣ ወደ አገር እንደተመለሱ፣ ኢንጂነር ሲሏቸው እንዳላረሙ ተናገሩ። ከዚያ እኔን ጠሩኝና "አሁን በትክክል አንብቢው" አሉኝ። መጀመሪያ በሩሲያኛ፣ ቀጥዬ በወላይትኛ አነበብኩት። አንድም አሜን አልተሰማም። አጎቴ ከሽማግሌነታቸው እንዲያነሷቸው ጠይቀው ወደ ኋላ ወንበር ሄደው ተቀመጡ። የአጎቴ ሚስት ከሴቶቹ መሐል ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ነበር። አጠገባቸው የነበሩት ሁለቱ ጎረቤቶች ወደ ሌላ ዞረው ተቀምጠዋል።

ቃለ መጠይቁን ያገኘሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አጎቴ ራሳቸው ሶዶ እናቴ ቤት መጥተው "መቅረጫሽን አምጪ" አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ አወሩልኝ። ስለ ብርዱ፣ ሌሊቱን ሙሉ አጥንተው ስለወደቁት ፈተና፣ ሲመለሱ መኪና መናኸሪያ የተቀበላቸው ሰው "እንኳን ደህና መጡ ኢንጂነር" ሲላቸው ለማረም አፋቸውን ከፍተው እንዴት እንደተዉት። አማካሪዬ ከጽሑፌ ሁሉ ያንን ምዕራፍ ወደደው። ስማቸውን አልጻፍኩም። ሻንቶ ግን ስም የሚያስፈልጋት አይደለችም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ በማን ላይ እንደሚነጋ ግን ማንም አይናገርም።

ጽሑፌ ካለፈ በኋላ ለአጎቴ ሚስት ጋቢ ገዝቼ ሻንቶ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ግቢ አላሉኝም። ጋቢውንም አልተቀበሉኝም።

"ያን ቀን እውነቱን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሉኝ። "እኔ ሚስቱ ነኝ። ከእኔ ጋር እዚሁ ቤት ይቀር ነበር። ጎረቤቶቼንም ዝም አሰኛቸው ነበር። አሁን በጉባኤ መሐል እልል ብዬ ያዋረድኩት እኔ ነኝ እኮ፤ እኔ!"

አፌ ያን ቀን ነው መዘጋት የነበረበት፣ የተዘጋው ግን አሁን ነው። ከውስጥ የአጎቴ ድምፅ "ማነው የመጣው?" አለ።

"ማንም አይደለም" አሉና በሩን ዘጉት።