ነፊሳ ለረዳቷ ጳጉሜን ስታስተምር

ነፊሳ አብዱልበሲጥ የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ቤተሰቡ በሙሉ ሜትር ይዞ ሲለካ እሷ ኮምፒውተር ላይ ተጣብቃ ቀረች። «ሱቁን ማን ይረከብ?» የሚለው ክርክር በየበዓሉ ይነሳል፤ እሷም በየበዓሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የአንድ የጀልባ ማኅበር የጉዞ ምዝገባ ፕሮግራም ብቻዋን ሠርታ ብቻዋን ትጠብቃለች። ገዳም ሊሳለም ወደ ደሴቶቹ የሚሄደውም፣ ወደ ጎርጎራ የሚሻገረውም ወንበር የሚይዘው በዚሁ ፕሮግራም ነው።

ብቻዋን አልሁ እንጂ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ረዳት አላት፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ጎበዝ ነው፤ ግን ኮዱን እንጂ ጀልባውን አያውቅም፤ ማን መቼ እንደሚሳፈር የሚያይበት ዓይን የለውም። ስለዚህ ነፊሳ የመሣሪያ ሰርቨር አቆመችለት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ በረዳቱና በተሳፋሪዎች መዝገብ መካከል የሚቆም ትንሽ ፕሮግራም ነው። ረዳቱ ሲጠይቅ ሰርቨሩ የተፈቀደለትን መሣሪያ ያቀብለዋል፦ አንዱ ተሳፋሪ ይፈልጋል፣ አንዱ የጉዞ ቀን ያሳያል፣ አንዱ ደግሞ የተሳሳተ ቀን ያርማል።

ጣጣውን ያመጣው ይህ የመጨረሻው ነው። ነፊሳ ቸኩላ ቀን ልክ መሆኑን የሚፈትሸውን ክፍል ከባሕር ማዶ ሰዎች የኮድ ናሙና ላይ እንዳለ ገለበጠችው። እዚያ ወር ቢበዛ አሥራ ሁለት ነው። የጳጉሜን ገበያ ላይ ለዘመን መለወጫ ልብስ ጨርቅ ስትቆርጥ ያደገች ልጅ፣ ጳጉሜን ረሳች! ረዳቱም ታዛዥ ነውና «የተሳሳቱ ቀኖችን አርም» ስትለው፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ያለበትን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ነሐሴ መለሰው። ነሐሴ ደግሞ አልፏል።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ጠዋት ነጠላ ያጣፉ እናቶች ወደቡን ሞሉት። ስልካቸውን ሲያወጡ ፕሮግራሙ «ጉዞዎ አልፏል» ይላቸዋል።

«መቼ ሄድሁና ነው የሚያልፈው?» ብለው ጮኹ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ እማሆይ ፅጌ ማርያም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሣህሉ፣ ዝናቡ እየወረደባቸው፣ ሰዉን አንድ በአንድ ጠይቀው አሳፈሩ። ከዚያ ነፊሳን ወደ ቢሯቸው አስጠሩ።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

«ረዳቱ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱን የት አግኝቼ ልቆጣው? ስሚኝ ልጄ፤ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሥራውን ስጡኝ እያለ ደጅ ሲጠናኝ ከርሟል። እንድታስተካክዪው እስከ ነገ እጠብቅሻለሁ፤ ካልሆነ ለእሱ ነው የምሰጠው።»

ነፊሳ ከቢሮው ወጥታ ወደ ቤቷ አመራች። ይህ ሥራ ከእጇ ከወጣ ወረታ ተመልሳ ጨርቅ መለካቷ ነው። ግን ቤቷ ሳትደርስ እልህ ያዛት። መጀመሪያ ከመጠባበቂያው ቅጂ የጳጉሜንን ተሳፋሪዎች በየቦታቸው መለሰች። «ረዳቱን ብዘጋውስ?» የሚል ሐሳብም ሽው አለባት። መዝጋቱ ቀላል ነበር፤ ግን ማኅበሩ የጎርጎራን የጭነት ምዝገባ ለመስከረም ይፈልጋል፣ ያን ደግሞ ብቻዋን አትጨርሰውም። አትዘጋውም!

ያቺን የምታርም መሣሪያ ነቅላ ጣለቻት። በምትኩ ረዳቱ ሐሳብ ብቻ እንዲያቀርብ፣ እሷ አይታ ካላጸደቀች አንዲት ፊደል እንዳይነካ አደረገች። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን እንደ አገሩ አድርጋ ጻፈች፤ ወሩ አሥራ ሦስት፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት። ሰርቨሩን አስነስታ ሞከረችው፣ እንቢ አላት። አረመችው፣ ደግሞ እንቢ አላት። ምሳዋን ረስታ እየተሳደበች ቀጠለች፤ በመጨረሻ እሺ ሲላት ብቻዋን አጨበጨበች።

በማግስቱ ጋሽ ሣህሉ መነጽራቸውን አጥልቀው አጠገቧ ተቀመጡ።

«በይ ያንኑ የትናንቱን ጥፋት እዘዢው።»

ነፊሳ የጳጉሜንን ጉዞዎች ወደ ነሐሴ እንዲያዛውር ጻፈች። ረዳቱ መለሰ፦ «ጳጉሜን ትክክለኛ ወር ነው። ቀኖቹን ራሴ መለወጥ አልችልም፤ ሐሳቡን አቅርቤ ካጸደቅሽው ብቻ ነው።»

ጋሽ ሣህሉ አነበቡት፤ ፈገግ እንኳ አላሉም።

«ይሁን። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቢያበላሽ ማንን ልያዝ?»

«እኔን ይያዙኝ» አለች ነፊሳ። «መሣሪያውን በእጁ ያስያዝሁት እኔ ነኝ። ትናንት በእሱ አላከክሁ እንጂ ጥፋቱ የእኔ ነበር።»

ጋሽ ሣህሉ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለዚያ ለአዲስ አበባው ድርጅት ደወሉለት።

«አይ፣ ተውት» አሉት። «እኛ ሰው አለን።»